ኦይታና አምስቱ ሳሙናዎቹ

ከአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር፣ ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው፣ በግራ ዓባያ እንደ ገል ቀልቶ፣ በቀኝ ጫሞ እንደ ሰማይ ጠርቶ ተኝተው ይታያሉ። በመካከላቸው ያ ደን የለበሰ የመሬት አንገት ተዘርግቷል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቆቹ በኩል ሽቅብ ሲነሣ፣ ለእኔ ዘወትር አንድ ድምፅ ይዞ የሚመጣ ይመስለኛል፤ ከሩቅ የተነካ፣ ከተነካም በኋላ ለመጥፋት የማይቸኩል የጊታር ክር ድምፅ። ያ ድምፅ የኦይታ ነው።

ዘመኑ የሰማንያዎቹ ማብቂያ ነበር። እኔ ከሰሜን ሸዋ ተመድቤ የመጣሁ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ስሜ ሀብተጊዮርጊስ ቢሆንም ከተማው አሳጥሮ ሀብቴ ይለኝ ነበር። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ብዕሬን አስቀምጬ በእትዬ በለጥሽ ሆቴል አጸድ ውስጥ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ድራም እመታለሁ። ባንድ ነበረን። ባንድ መባሉ ለእኛ ሰፊ ልብስ ነው፤ አራት ሰዎች ብቻ ነበርን። ቤዝ ጊታር የሚመታው ጋሻዬ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የምትዘፍነው ሉሊት በሥራ ቀን በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትውላለች። ጊታሩ የኦይታ ነው።

ኦይታ ኦቾሎ በምትባል የጋሞ መንደር ተወልዶ ያደገ የሸማኔ ልጅ ነው። እግሩ የሸማኔውን መርገጫ ለመድረስ ከረዘመበት ጊዜ ጀምሮ ከአባቱ የሽመና ጉድጓድ አልወጣም። በቀደመው መንግሥት የአውራጃው ኪነት ቡድን ልጆች ሲመለምል ጣቱን አይተው ወሰዱት፤ ጊታርን ያወቀው በዚያ ነው። ኪነቱ ሲበተን ሌላው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ፤ ኦይታ ግን ከጊታሩ ጋር ቀረ። ረዘም ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ሲያመሰግነው ዐይኑን ወደ መሬት የሚጥል ሰው ነበር። ሲጫወትም እንደዚያው ነው፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ከእግሩ ሥር የወደቀ ነገር የሚፈልግ ይመስል።

እንዲያውም ከእግሩ ሥር ነገር ነበረ። አምስት ትንንሽ የብረት ሣጥኖች። ጋሻዬ አንዱን ከመርካቶ ይዞለት መጣ፤ ከዚያ ሌላውን፤ ከዚያ ሌላውን። መጠናቸውም ቀለማቸውም ሳሙና ስለሚመስል በባንዱ ውስጥ ስማቸው "ሳሙናዎቹ" ሆኖ ቀረ። ከጊታሩ የሚወጣው ድምፅ በገመድ በእነርሱ በኩል አልፎ ነው ወደ ማጉያው የሚሄደው። ኦይታ አንዱን በእግሩ ሲረግጠው ይበራል፤ ደግሞ ሲረግጠው ይጠፋል። ሰማያዊው የገደል ማሚቶ ይሰጣል። ቀዩ ድምፁን ያሻክረዋል፤ ሰው ጮሆ ጮሆ እንደዘጋው ጉሮሮ። አረንጓዴው እንደ ውሃ ያንቀጠቅጠዋል። ቢጫው ያስለቅሰዋል። አምስተኛው ቡናማ ነው፤ ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ኦይታም ያውቅ ነበር ብዬ አልምልም።

መጀመሪያ ላይ ሰማያዊው ብቻ የነበረ ጊዜ፣ ያን የመሰለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አንዱን ክር ሲነካው ድምፁ ከማንጎው በላይ ይወጣና፣ ማዶ ደርሶ የተመለሰ ያህል ቆይቶ ይመጣል። የከተማው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ተማሪዎች፣ ከየአገሩ ተሰብስበው የመጡት ልጆች፣ ለስላሳቸውን ይዘው ዝም ይላሉ። አንዱ ጎንደርን ያያል፣ አንዱ ሐረርን፤ እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ያለውን የእናቴን ደጅ።

ሳሙናዎቹ ሲበዙ ግን ችግር መጣ።

ችግሩም እንዲህ ነው። ሉሊት ራሷ የደረሰችው አንድ ዘፈን ነበራት፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቃት እርሱን ነው።

"ማዶው ጭጋግ ለብሶ፣ ወዲህ ብርሃን ወጥቶ፣
ማን ይሆን የሚጠራኝ ከሐይቁ ተነሥቶ?"

ይህን ስትል ጊታሩ በማሚቶው ከሥሯ በቀስታ ይሄዳል። አዝማቹ ላይ ስትደርስ ደግሞ ማሚቶው ጠፍቶ ሻካራው ይገባል፤ ያኔ ሰው ይነሣል። ኦይታም በዚያች ቅጽበት እግሩን ያነሣና ሌላውን ይረግጣል። አንዳንድ እሑድ መልካም ይሆናል። አንዳንድ እሑድ ግን፣ ይልቁንም ሙዚቃው ጥሞት ራሱን በረሳበት እሑድ፣ ከማጉያው የጅብ መንጋ ይወጣል። ሻካራው ከነማሚቶው ገብቶ፣ ማሚቶው ሻካራውን እየደጋገመ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ተቆልሎ ያላዝናል። ሕፃናት ጆሯቸውን ይይዛሉ። ሉሊት አፏን ከፍታ ትቀራለች።

"ኦይታ፣ ምን በደልሁህ?" አለችው ከእነዚያ እሑዶች በአንዱ፣ ማይኩን አስቀምጣ። "እኔ ከሐይቁ ማን ጠራኝ ስል፣ አንተ አዞውን ትልክብኛለህ?"

"በእግዚአብሔር ሉሊት፣ ሰማያዊውን ረግጬዋለሁ፤ ጠፍቶ ነበር።"

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤" አለ ጋሻዬ ቤዙን እየፈታ። "ያንተ ሳሙና ግን አብሮ፣ የታሰረውን አንበሳ ፈትቶ ለቀቀብን።"

ኦይታ ባትሪዎቹን ለወጠ። ገመዶቹን ለወጠ። ራዲዮ ጠጋኙ ደግፌ በታችኛው ሰፈር በሲቀላ ባለው ሱቁ አምስቱንም ከፍቶ በየተራ ነካክቶ፣ "ከአንተ ይልቅ እነሱ ጤነኞች ናቸው" ብሎ መለሰለት። ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲለማመድ አንድም ስሕተት የለም። ሰው ፊት፣ ሙዚቃው ሲይዘው ነው።

እትዬ በለጥሽ ደግ ሴት ናቸው፤ ግን ሆቴል ደግነት ብቻ አያቆመውም። መስከረም እንደገባ ኦይታን ወደ ጓዳው በር ጠርተው፣ እኔም ድራሜን እየሸፈንሁ ስሰማ፣ እንዲህ አሉት፦

"ኦይታዬ፣ አዋሳ አንድ ልጅ አለ አሉ። ኪቦርድ የሚባለውን ይነካል። ከበሮውም፣ ጊታሩም፣ ዋሽንቱም ከአንዷ ሣንቃ ውስጥ ይወጣል አሉ። ጅብ ግን አይወጣም።"

"ይገባኛል እትዬ።"

"ከመስቀል ማግስት ያለችው እሑድ ልጁ መጥቶ ይታያል። አንተም ተጫወት። ያ ነገር ደግሞ ከጮኸ ግን፣ የኔ ልጅ፣ ጊታሩን እናሳርፈዋለን። እንዳትቀየመኝ።"

ኦይታ አልተቀየመም። እርሱ መቀየም አያውቅም። ግን ነገሩ ከሆቴሉ እንደሚያልፍ እኔ አውቅ ነበር። ታላቅ ወንድሙ አልዳዳ እንደ ብዙዎቹ የጋሞ ሸማኔዎች አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ይሠራል፤ ለመስቀል ወደ አገሩ ይመጣና ይመለሳል። በየዓመቱ "አብረን እንሂድ፤ ጉድጓድ ቆፍሬልሃለሁ" ይለዋል። ኦይታም በየዓመቱ "እሑድ ሥራ አለኝ" ብሎ ያመልጣል። እሑዷ ከተወሰደችበት ማምለጫ የለውም። ጊታሩ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እርሱም ሽሮ ሜዳ ይሄዳል።

መስቀል ሲቃረብ ኦይታ "ሀብቴ፣ ዘንድሮ እንኳ ወጥተህ አገሬን እይ" አለኝ። ጋሻዬ በመኪናው ከገደሉ ሥር አወረደን፤ ከዚያ ሽቅብ በእግር ወጣን። ኦቾሎ ከቋጥኝ ላይ የተቀመጠች ናት። ጭጋጉ ከታች ይመጣና ቤቶቹን አንድ በአንድ ይሸፍናል፤ ቆይቶ ደግሞ አንድ በአንድ ይመልሳቸዋል። እዚያ ያለ ሰው፣ መንደሩ ቆሞ ሐይቁ የሚሄድ ይመስለዋል። በየመንገዱ ከከተማ የተመለሱ ሸማኔዎች "ዮ መስቀላ!" እየተባባሉ ይተቃቀፋሉ። ቆጮው በሚያቃጥለው በርበሬ በዳጣ ቀረበልን፤ እኔ ዳጣውን ደፍሬ ዐይኔ እንባ ሲሞላ የቤቱ ልጆች ሳቁብኝ።

አልዳዳ ከጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ለበዓሉ ያልደረሰች የአንድ ሽማግሌ ጋቢ ቀርታው ይቻኮላል። እንግዳ መምጣቱን ሲሰማ ብድግ ብሎ ወንድሙን ተመለከተ።

"ና ግባ እስኪ፤ እጅህ ዝጎ እንደሆነ እንይልህ።"

አልዳዳ የበዓሉን ሥጋ ድርሻ ሊቀበል ሲወጣ፣ ኦይታ ጫማውን አውልቆ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ሸማኔ አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከመሬቱ አፍ ላይ ይቀመጣል፣ እግሮቹ ከታች በሁለት መርገጫዎች ላይ ያርፋሉ። አንዱን ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፤ መወርወሪያው ማጉን ይዞ በመካከል ያልፋል። ከዚያ ሌላውን ይረግጣል። ሁለቱ ከላይ በገመድ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲወርድ ሌላው በራሱ ይነሣል። ሸማኔ የረገጠውን ለማንሣት አይደክምም፤ ሌላውን ይረግጣል፣ ያ ይለቃል። በቃ።

እኔ ከበሩ መቃን ተደግፌ እሰማ ነበር። ረገጥ፣ ወርወር፣ መታ። ረገጥ፣ ወርወር፣ መታ። ድራም መቺ ነኝና ጣቴ ሳላውቅ ጉልበቴን ይመታ ጀመር። ጭጋጉ እስከ ደጁ መጥቶ ነበር። ኦይታም ሳያውቀው የሉሊትን ዘፈን ያንጎራጉር ጀመር፤ ማዶው ጭጋግ ለብሶ… ዐይኖቹ ተከድነው ነበር። እጁ ይወረውራል፣ እርሱ ግን እዚያ አልነበረም፤ የት እንደነበረ እግዜር ይወቅ።

አዝማቹ ላይ ሲደርስ ቆመ። መወርወሪያው በእጁ እንዳለ።

"ሀብቴ፣ እግሬን አይተሃል?"

"አላየሁም፤ ምን ሆነ?"

"እስኪ እደግመዋለሁ፤ እግሬን ተመልከትልኝ።"

ጎንበስ አልሁ። ደግሞ አንጎራጎረ። አዝማቹ ጋ ሲደርስ ቀኝ እግሩ ለቀቀና ግራው ወረደ፤ ቀኙ መርገጫ በራሱ ቀስ ብሎ ወደ ላይ መጣ። ቀኙን ለማጥፋት ቀኙን ደግሞ መርገጥ የሚባል ነገር ይህ እግር አያውቅም።

ኦይታ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ትከሻው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"አየኸው? ቀዩን ስረግጥ ሰማያዊው የተነሣ ይመስለኛል። እዚህ ይነሣላ! እዚያ ግን አይነሣም። የማይነሣ መርገጫ ነው ለካ ከመርካቶ ያስመጣሁት!"

"ቤትህ ስትለማመድ ለምን አትሳሳትም ታዲያ?"

"ቤቴ አስባለሁ። ሰው ፊት ሲጥመኝ…" መወርወሪያውን በጣቱ ዳበሰው። "ሲጥመኝ እዚህ እመጣለሁ መሰለኝ።"

አልዳዳ ሥጋ ተቀብሎ ሲመለስ እንደሳቅን አገኘን። ነገሩን ስንነግረው እርሱም ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ወንድሙን በትከሻው ያዘው።

"እንግዲያው እጅህን ከተማው ወስዶታል እንጂ እግርህ ገና የኛ ነው። እግርህ እውነቱን ተናገረ ወንድሜ፤ ና እንሂድ ሽሮ ሜዳ።"

ኦይታ መወርወሪያውን አኑሮ ከጉድጓዱ ወጣ። ሳቁ ከፊቱ ቀስ ብሎ ወረደ። በዓሉን ሙሉ ከሰው ጋር ጨፈረ፣ ቦርዴውን ጠጣ፣ ችቦው ሲነድ እሳቱን ዞረ፤ ግን አሳቡ ሌላ ነበር። ገደሉን ስንወርድ፣

"ታዲያ ምን ታደርጋለህ?" አልሁት።

"እንጃ። እግሬን ልምታው? እሱ የተማረውን ነው የሚያደርገው። ከእግሬ ጋር አልጣላም ሀብቴ።"



እሑዷ ደረሰች። የእትዬ በለጥሽ አጸድ ሞልቶ ነበር፤ የመስቀል ሰሞን ነውና ቤተ ሰብ ከነልጁ መጥቷል። ያ የአዋሳ ልጅ ሳምሶን ይባላል፤ ኪቦርዱን እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስተኝቶ ከጥግ ተቀምጧል። እትዬ በለጥሽ ከጓዳው በር አጠገብ ወንበር አስወጥተዋል። ከአጥሩ ሥር ደግሞ አልዳዳ፤ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ስለሚሳፈር ከነጓዙ ወርዶ መጥቷል። ጓዙ ለሁለት ሰው የሚበቃ ስንቅ ነበረበት። ይህን ኦይታም አይቶታል።

ኦይታ ጊታሩንና አንድ ፌስታል ብቻ ይዞ መጣ። ከፌስታሉ ሰማያዊውን ሣጥን አወጣና ከመሬት አላስቀመጠውም፤ ከማጉያው አናት ላይ ሰቀለው። በእጁ አበራው። ከዚያ ጫማውን አወለቀ።

ጋሻዬ በዐይኑ ሣሩን ፈለገ። "ሌሎቹ ሳሙናዎችስ? ታጥበህባቸው አለቁ?"

"ቤት ናቸው።"

ሉሊት ተጠጋችው። "ኦይታ፣ አዝማቹ ላይ ምን ልታደርግ ነው? ድምፁ ካልተለወጠ ዘፈኑ ይተኛብኛል። ባለመጮህ ብቻ አናሸንፍም።"

"በእጄ።"

"በእጅህ ምን?"

"ብቻ አንቺ ዝፈኚ።"

ጀመርን። ኦይታ የጊታሩን ድምፅ መጨመሪያ ዝቅ አድርጎ፣ መምቻውን በከንፈሩ ይዞ፣ ክሩን በአውራ ጣቱ ሥጋ ከጊታሩ አንገት አጠገብ ይነካው ነበር። እጅግ ለስላሳ ነበር። ማሚቶው ሲመለስ የማንጎውን ቅጠል የሚቆጥር ይመስላል። ሉሊት ማዶው ጭጋግ ለብሶ አለች። ከአጸዱ ማዶ ዓባያ በምሽት ፀሐይ መዳብ ሆኖ ነበር፤ ጫሞ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ወሬው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ጠፋ።

እኔ ዐይኔ ከእግሩ ላይ ነበር። ባዶ እግሮቹ ሣሩ ላይ ይረግጡ ጀመር፤ ቀኝ፣ ግራ፤ ቀኝ፣ ግራ። ዐይኖቹ ተከደኑ። ሄደ፤ ኦቾሎ ደረሰ። ይህ ነው የሚያስፈራው ጊዜ። 

አዝማቹ መጣ። ቀኝ እግሩ ለቀቀ፣ ግራ እግሩ ወረደ፤ እንደ ሁልጊዜው፣ እንደ ልማዱ። ከግራ እግሩ ሥር ግን ሣር ብቻ ነበር። በዚያችው ቅጽበት ትንሽ ጣቱ ድምፅ መጨመሪያውን አዞረች፣ መምቻው ከከንፈሩ ወደ እጁ ገባ፣ እጁም ክሮቹ ወደታሰሩበት ጫፍ ወርዶ በኃይል መታ። ድምፁ ተነሣ። ሻካራ አልነበረም፤ የሚያላዝንም አልነበረም። ጥርት ያለ፣ ትልቅ፣ ማሚቶውን እንደ ጋቢ ጫፍ ከኋላው የሚጎትት ድምፅ ነበር። ሉሊት በላዩ ላይ ወጣችበት። ተማሪዎቹ ተነሡ፣ ከዚያም ልጆቹ፣ ከዚያም እናቶቹ።

እርሱ ዐይኑን አልገለጠም። እግሮቹ ባዶ መሬት እየረገጡ መሸመናቸውን ቀጠሉ፤ ማንንም አልጎዱም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሳምሶን የተባለው ልጅ ኪቦርዱን ወንበሩ ላይ ትቶ መጣና ኦይታ የቆመበትን ሣር አየ። "ጋሼ፣ የሚረገጠው ፔዳል የት ነው?" አለው። ኦይታ ትከሻውን ነቀነቀ። ልጁ ከዚያ በኋላ ተጫወተ፤ በእውነት ጥሩ ነበር፤ ከሣንቃዋ ዋሽንትም ከበሮም ወጣ። ሰው አጨበጨበለት፤ ነገር ግን እንደ ተቀመጠ ነው፤ ማንም አልተነሣም።

እትዬ በለጥሽ ተነሥተው ወደ ልጁ ሄዱ። "የኔ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ። ዐሣ አስጠብሼልሃለሁ፤ ብላ፣ እዚሁ እደር፣ ጠዋት በሰላም ግባ።" ከዚያ ወደ ኦይታ ዞሩ። "አንተ ደግሞ እሑድ እንዳትቀር። ጫማ ግን አድርግ፤ ሰው የማልከፍልህ ይመስለዋል!"

ኦይታ ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ ፈገግ አለ። ጫማ ግን አላደረገም፤ እኔ በከተማው እስከነበርሁ ድረስ በዚያ ማንጎ ሥር ጫማ አድርጎ ሲጫወት አላየሁትም። የቀሩት አራት ሳሙናዎች በየፊናቸው ሄዱ። ቢጫውን ደግፌ ለመለዋወጫ ፈታው። ቡናማው የሉሊት ጓዳ በር እንዳይመታ ማቆሚያ ሆነ፤ ምን እንደሚሠራ በመጨረሻ ታወቀ እያልን እንስቅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አልዳዳን ሲቀላ መናኸሪያ ሸኘነው። አውቶብሱ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። አልዳዳ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ወንድሙን ቁልቁል አየው፤ ፊቱ የተቆጣም የተደሰተም አይመስልም።

"ትላንት እግርህን ሳይ ዋልሁ" አለው። "ያን ሁሉ ስትሸምን ጋቢው የታለ?"

ኦይታ ትንሽ አሰበ።

"ሰዎቹ ለብሰውት ሄዱ" አለ።

አልዳዳ አንገቱን ወደ ውስጥ መልሶ ጓዙን ፈታ። ከዚያ ከስንቁ ግማሹን በመስኮቱ አቀበለን፤ ቆጮው ገና ለብ ያለ ነበር። አውቶብሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ በአቧራው ውስጥ ድምፁ መጣ፦

"እንግዲያው ለከርሞ መስቀል ለእኔም አንድ አስቀምጥልኝ!"